«ልጅን በበግ አትዋሺ»፦ አረፋን በከሚሴ ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር

ሻንጣችንን ገና ከመኪናው ሳናወርድ አማቴ ከግቢው በር ወጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ፣ ኮቱ!» አሉ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተጠጋችና በሹክሹክታ «እማዬ፣ ምን እያሉኝ ነው?» አለችኝ።

«ነዪ፣ ልጄ፣ ነዪ እያሉሽ ነው» አልኳት።

አያትና የልጅ ልጅ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆመው እኔ በመሀል አስተርጓሚ ሆንኩ። የሦስት ዓመቱ ወንድሟ ግን ትርጉም አላስፈለገውም። የተዘረጋ እጅ ሲያይ ሮጦ ገባበት። አማቴ አቅፈውት አለቀሱ። ከተወለደ ጀምሮ ዓይኑን ሲያዩት ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ይህ የሆነው ለ2017 ዓ.ም አረፋ ወደ ከሚሴ በሄድንበት ረቡዕ ቀን ነው። ልጆቻችንን በዓል ለማሳየት ብለን የወጣንበት ጉዞ እኔን ወላጅነት ያስተማረኝ ጉዞ ሆነ። ከተማ ውስጥ ልጅ እያሳደጋችሁ ባላችሁ ቤት የአያት አገር ሩቅ የሆነባችሁ ብትኖሩ ታሪኩ የእናንተም ነውና አብረን እንሂድ።

ሳንሄድ የቀረንባቸው ዓመታት

ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው ከሚሴ ነው። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ያገኟታል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ከተጋባን በኋላ ጣርማ በርን ወርደን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፈን በየዓመቱ እንሄድ ነበር። ትልቋ ልጃችን ስትወለድም ጡት እየጠባች ወስደናታል። እሷ ግን አታስታውሰውም።

ከዚያ መንገዱ ከበደ። በ2013 ዓ.ም በዚያ መስመር ግጭት ተነሳ። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ መጣ። ያን ጊዜ ትልቋ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ትንሹ በሆዴ ነበር። ስልክ ተቋርጦ የአማቴን ድምፅ ሳንሰማ ሳምንታት አለፉ። ባለቤቴ ሌሊት እየተነሳ ሳሎን ውስጥ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ አየው ነበር። ኋላ መስመሩ ሲከፈት የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» የሚል ነበር። እኛ ልንጠይቃቸው የሚገባንን እሳቸው ጠየቁን።

ከዚያ በኋላም «መንገዱ ይረጋጋ» እያልን ዓመት ዓመትን ወለደው። በዓል ሲመጣ ገንዘብ እንልካለን፣ በስልክ «ኢድ ሙባረክ» እንባባላለን፣ ልጆቹን ስልኩ ፊት አቁመን «አኮን ሰላም በሉ» እንላለን። «አኮ» በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ትንሹ ልጄ ግን «አኮ» የስልኩ ስም እንደሆነ ያስብ ነበር። ስልክ በጠራ ቁጥር «አኮ! አኮ!» ይላል። መጀመሪያ ያስቀን ነበር። ቆይቶ ማሳቁን ተወ።

በዚያ ዓመት ወሰንን። የትኬቱን ዋጋ ከሌላ ወጪ ቀንሰን እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄድን። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሐርቡ በኩል ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ አማቴ ደጃፍ ትንሹ በእቅፌ ተኝቶ፣ ትልቋ በመስኮት ግመል ስትቆጥር ደረስን።

ቡኒ የተባለው በግ

ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ቡናማ በግ ታስሮ ነበር። የባለቤቴ ወንድም አስቀድሞ ገዝቶ ያስገባው ነው። ልጄ ከአያቷ ጋር ገና ሳትላመድ ከበጉ ጋር ተላመደች። ስም አወጣችለት፦ ቡኒ። ሣር ታበላዋለች፣ በኩባያ ውኃ ትወስድለታለች፣ ግንባሩን ታሸዋለች። የአጎቷ ልጅ «ሆላ በይው» አላት። በኦሮምኛ በግ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ሆነ።

ሁለቱ ልጆች መሬት ላይ በእንጨት እየጻፉ ተጫወቱ። የአጎቷ ልጅ በዞኑ እንዳሉ ብዙ ልጆች የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነውና በቁቤ ጻፈ፣ እሷ በፊደል። አንዱ የሌላውን ማንበብ አልቻለም። ቢሆንም «ይሄ ቡኒ ነው፣ ይሄ ሆላ ነው» እየተባባሉ ግማሽ ቀን ሳይጣሉ ዋሉ። እኔም ከቡናው አጠገብ ቁጭ ብዬ ደስ እያለኝ አየኋቸው።

ችግሩ የመጣው ሐሙስ ማታ ነው። የአጎቷ ልጅ እንደ ቀላል ነገር «ነገ እኮ ይታረዳል» አላት። ልጄ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል። «እማዬ፣ ቡኒ ነገ ምን ይሆናል?»

አዲስ አበባ ስንኖር በጉ ከቤታችን አይታረድም። አፓርትመንት ነው የምንኖረው። ሥጋው ተበልቶ፣ ተመዝኖ፣ በላስቲክ ሆኖ ይመጣል። ልጄ አረፋን የምታውቀው በአዲስ ልብስና በኬክ ነው። ለዚህ ጥያቄ አላዘጋጀኋትም፣ ራሴም አልተዘጋጀሁም። እናም አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «ቡኒ ነገ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል» አልኳት።

አማቴ እጣን እየጨመሩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉም። ልጄ እፎይ ብላ ስትሄድ ነው ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ የተናገሩት። «ልጄ፣ ልጅን በበግ አትዋሺ። ዛሬ በበግ የዋሸሻት ነገ በሰው ነገር ስትነግሪያት አታምንሽም።»

«እማ፣ ትንሽ ናት እኮ፤ ታለቅስብኛለች ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ታልቅስ» አሉ። «ለሚወዱት ማልቀስ ነውር ነው? የበዓሉ ነገር ራሱ ይኸው አይደለም? አባታችን ኢብራሂም በግ ቀላል ሆኖለት መሰለሽ?»

ከዚያ ልጄን ጠሯትና ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ያን ማታ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ጭናቸው ላይ የተቀመጠችው። አማቴ ገበያውንም ጎረቤቱንም በአማርኛ አሳምረው ያናግራሉ። ልጅ ሲያባብሉ ግን አንደበታቸው ወደ ኦሮምኛ ይሄዳል። አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ እየጨረሱ፣ ኢብራሂም ልጁን እንዲሠዋ እንዴት እንደታዘዘ፣ አባትና ልጅ እንዴት እንደታዘዙ፣ በልጁ ፋንታ በግ እንዴት እንደመጣ ነገሯት። «ቡኒ ነገ ይታረዳል» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቢላዋ ሲሳል አናሳየውም። ተጠምቶ አናርደውም። የአላህን ስም ጠርተን ነው። ሥጋውም የእኛ ብቻ አይደለም። ለዘመድ አለው፣ ለጎረቤት አለው፣ ለሌለው ሰው አለው።»

ልጄ አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች። አማቴ ዝም በይ አላሏትም። እንባዋን በነጠላቸው እየጠረጉ «ኢንታላ ኮ» እያሉ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት። ሲቀልላት ጠየቋት፦ «ነገ ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ? ማየት ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ ከእኔ ጋር ሥራ ትሠሪያለሽ?»

«ማየት አልፈልግም» አለች።

«ደግ፤ ሳህን አመላላሼ ነሽ እንግዲያው።»

ይህን ያህል ነው። እኔ በውሸት ልሸፍነው ያሰብኩትን እሳቸው በእውነትና በምርጫ ፈቱት። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልጅ በዚህ ዕድሜው ሞት ምን እንደሆነ ሊገባው የሚጀምርበት ጊዜ ነው። የሚያስፈራው ነገሩ ብቻ አይደለም። አዋቂዎቹ የደበቁት ነገር እንዳለ ሲሰማው የበለጠ ይፈራል። እንዲያይ ማስገደድም፣ ከእውነቱ ማራቅም አንድ ዓይነት ስህተት ነው። አጭር እውነት፣ ለማልቀስ ጊዜ፣ ከዚያ የሚሠራው ሥራ መስጠት ይበቃል።

የኢድ ጠዋት

ግንቦት 29፣ ዓርብ። ከሚሴ ቆላ ቀመስ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግንቦት ላይ ገና ከጠዋቱ ይሞቃል። የሒጅራ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ አረፋ ከእኛ አቆጣጠር ጋር ሲነጻጸር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማል። ባለቤቴ ልጅ እያለ አረፋን በክረምት ጭቃ፣ በጥር ብርድም አክብሮ ያውቃል። የእኛዎቹ ዕጣ የግንቦት ሙቀት ሆነ።

በሌሊት ተነስተን ልጆቹን አጠብናቸው። በአረፋ ከሶላት በፊት ብዙ አይበላም፣ የሚበላው ከተመለሱ በኋላ ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ይህ አይሠራም። ትንሹን እርጎ አጠጥቼ ወጣን። መንገዱ በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ከየቤቱ የሚወጣው ሰው ተክቢራውን እየተቀባበለ ወደ ሜዳው ይጎርፋል። ልጄ አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ያለውን የኢድ ግርግር ታውቀዋለች። እዚያ ግን እጇን አጥብቀን ይዘን በሰው መሀል እንጋፋለን። እዚህ እጇን የሚይዛት ሰው በየአምስት እርምጃው ይቀያየራል። «የማን ልጅ ናት?» ይላሉ፤ የባለቤቴን ስም ሲሰሙ ግንባሯን ይስሟታል፣ አንዳንዱ ብር ያስጨብጣታል። «እማዬ፣ ሰው ሁሉ ያውቀኛል?» አለችኝ። «አባትሽን ያውቃሉ» አልኳት። ትንሽ አስባ «አዲስ አበባ አባቢን ማንም አያውቀውም አይደል?» አለች።

ሶላቱ ሲጀመር ሴቶቹ ከኋላ ነን። ትንሹ ሰላሳ ሰከንድ ከቆመ በኋላ ጫማ መቀያየር ጀመረ። የራሱን አውልቆ የአንዲት እናት ጫማ ውስጥ እግሩን ከተተ። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ከሶላት በኋላ እየሳቁ «ተይው፣ እሱም ኢዱ ነው» አሉኝ። እኔ ደንግጬ ይቅርታ ስጠይቅ ነበር። ከተማ ውስጥ ልጃችን ድምፅ ባሰማ ቁጥር ይቅርታ መጠየቅ ለምደናል።

ሳህን አመላላሿ

ቤት ስንመለስ ልጄ በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባች። የግቢው ጉዳይ እስኪያልቅ አማቴ በሩን ዘግተው ከእሷ ጋር ሽንኩርት ላጡ። ሁለቱም አለቀሱ፣ በሽንኩርቱ አመካኙ።

ሥጋው በሦስት ተመደበ፦ ለቤት፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለሌለው። ሳህኖቹ በጨርቅ ተሸፍነው ልጄ እጅ ላይ ተቀመጡ። የአጎቷ ልጅ መንገድ መሪ ሆነ። አማቴ ለልጄ አንድ ቃል ብቻ አስጠኗት። «የሰጠሻቸው ሰዎች ሲያመሰግኑሽ ‹ገለቶማ› ብለሽ አንቺም መልሺላቸው። ሰው ስጦታችንን ሲቀበል እኛም እናመሰግናለን።»

ሦስተኛው ሳህን የሄደው በጓሮ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ለምትኖር እናት ነው። ከሌላ ቦታ ተፈናቅላ የመጣች፣ ከልጄ እኩያ ልጅ ያላት ናት። እኔ ከሩቅ እያየሁ ነበር። እናትየዋ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀብላ ልጄን ስትመርቃት ልጄ ቀጥ ብላ ቆማ «ገለቶማ» አለች። ከዚያ ያልተማከርንበትን ነገር አደረገች። ያን ጠዋት ከሰጧት ብር ውስጥ አንዱን አውጥታ ለእኩያዋ ሰጠቻት። ተመልሳ ስትመጣ «ቡኒ ወደ ሌላ ቤት ሄደ» አለችኝ። እኔ ሐሙስ ማታ የዋሸኋትን ቃል ነው የደገመችው፤ በእሷ አፍ ግን እውነት ሆነ።

ከሰዓት የክርስቲያን ጎረቤቶች ለቡና መጡ። አማቴ ለእነሱ የሚሆነውን ዶሮ ጎረቤታቸው ራሳቸው እንዲያሳርዱት አስቀድመው ልከውላቸው ነበር። በወሎ የቆየ ልማድ ነው፣ እንግዳ በእምነቱ ሳይሳቀቅ እንዲበላ። ወቅቱም ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ስለነበር ዓርብ ቢሆንም ጾም አልነበረም። አማቴ ይህንንም ቆጥረውታል። «ዘንድሮ አላህ ገጠመልን» አሉ ጀበናውን እያነሱ።

ልጄ በዚያ ቀን ሥጋ አልበላችም። ማንም አላስገደዳትም። አማቴ እንጀራዋን በእርጎ አቀረቡላትና ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ጨፋ፣ ከዚያም ባቲ

ቅዳሜ በማለዳ ጨፋ ወረድን። ጨፋ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ረግረጋማ የሣር ሜዳ ነው። በበጋ ሌላው ቦታ ሲደርቅ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚወርዱበት ሣር ነው። ያን ጠዋት ከብቱ፣ ግመሉ፣ በከብቶቹ ጀርባ ላይ የተቀመጡት ነጫጭ ወፎች ለትንሹ ልጄ ከማንኛውም የመጫወቻ ቦታ በለጡበት። አዲስ አበባ ልጆቹን ለማጫወት በሰዓት እየከፈልን የምንገባበት ቤት አለ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ «ሌላ ቦታ እንሂድ» ይለኛል። ጨፋ ላይ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዲት ጥጃን ሲከተል ዋለ።

አንዲት እናት ላም ስታልብ ጠራችውና ጎንበስ ብሎ አየ። «አናን» አለችው፤ ወተት። እሱም «አናን» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ «ላስቲኩስ?» አለኝ። ሴትየዋ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ አስተረጎምኩላት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወተቱን ቤት ወስደን አፍልተን ነው የሰጠነው። ጥሬ ወተት ለትንንሽ ልጆች ተቅማጥም ሌላ በሽታም ሊያመጣ ስለሚችል በአያት ቤትም ቢሆን ማፍላቱ ግድ ነው።

ሰኞ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ወደ ባቲ ታጠፍን። ከኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በስተምሥራቅ ናት። የሰኞ ገበያዋ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከቆላ አፋሮች ከግመሎቻቸው ጋር ይወጣሉ፣ ከደጋና ከወይና ደጋ አማራውና ኦሮሞው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይወርዳል። ባለቤቴ ልጄን ትከሻው ላይ አስቀምጦ እያዞረ፣ ይህች ከተማ ለዜማም ስም የሰጠች መሆኗን ነገራት፦ ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር አንዱ ባቲ ነው። «ከተማ ዘፈን ይሆናል?» አለችው። «ሰው የሚናፍቃት ከተማ ትሆናለች» አላት። ከዚያ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ቤት ውስጥ ለዓመታት ሲያንጎራጉር አልሰማሁትም ነበር።

ከተመለስን በኋላ የመጣው ትኩሳት

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ያምር ነበር። ግን ለናንተ የሚጠቅማችሁ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው።

ማክሰኞ ሰኔ 3 አዲስ አበባ ገባን። አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ትንሹ ማታ አተኮሰው፣ አንቀጠቀጠው፣ ምግብ አልቀበልም አለ። በማግስቱ በአቅራቢያችን ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰድኩት። ጉሮሮው ቀልቷል ተባለ፣ ሽሮፕ ታዘዘለት። ከየት እንደመጣን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። ትዝ አላለኝም። ለእኔ ከሚሴ ያለቀ ጉዞ ነበር።

ትኩሳቱ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ማታ አማቴ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። «ልጁ የታል?» አሉ። አተኩሶታል አልኳቸው። ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ። «ያንቀጠቅጠዋል? ይተወውና ይመለሳል? ነገ ሳይሆን ዛሬ ደም አስመርምሪው። ወባ ነው። እዚህ እንደመጣችሁ ንገሪያቸው።»

በዚያው ሌሊት ሌላ ቦታ ወሰድነው። «ቆላ ነበርን» ስል ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችም፣ ደም አስመረመረች። ወባ ነበር። መድኃኒቱን በጊዜ ጀመረ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና ጥጃ ፍለጋ ቤቱን ማተራመስ ጀመረ።

ያን ሌሊት ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት አይረሳኝም። አማቴ ሲሄዱብን ሁለት አጎበር አልጋችን ላይ ዘርግተውልን ነበር። እኔ ሙቀቱ ስለከበደኝ የትንሹን ገልጬለት ነበር። ሳልነግራቸው። ልጄን በበግ ጉዳይ እንዳልዋሽ የመከሩኝን ሴት እኔ ስለ አጎበሩ በዝምታ ዋሽቻቸዋለሁ። በማግስቱ ደውዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «አወቅሽ፤ ደግሞ ስትመጪ አትገልጪም» አሉ። ከዚያ ውጪ አንድ ቃል አልጨመሩም።

ወደ ቆላ ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚጓዙ

ከእኔ ስህተትና ከአማቴ ምክር የተለቀመ ነው፦

• ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያው ያለ ዘመድ ይጠይቁ። ከአንድ ሰው በላይ ይጠይቁ። ጉዞን ማዘግየት አያሳፍርም።

• በአገራችን ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ያለው ቦታ በአብዛኛው ወባ የሚገኝበት ነው። ልጆች በኬሚካል በተነከረ አጎበር ሥር ይተኙ፣ ጠርዙ ከፍራሽ ሥር ይታጠፍ፣ ሙቀት ቢኖርም አይገለጥ። ሲመሽ እጅና እግር የሚሸፍን ስስ ልብስ ያልብሷቸው። ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከርም ጥሩ ነው።

• የወባ ትኩሳት ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቤት ከተመለሱ በኋላም ለሳምንታት ንቁ ይሁኑ። ልጁ ካተኮሰው ሐኪሙ ባይጠይቅም «ቆላ ነበርን» ይበሉ። በአገራችን ካሉት የወባ ዓይነቶች አንዱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል የታዘዘው መድኃኒት ልጁ ቢሻለውም ሳይቋረጥ ይጨረስ።

• በሙቀት ጊዜ መውጣት ካለባችሁ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ውጡ። የፈላ ወይም የታሸገ ውኃ፣ ኮፍያ፣ ኦ አር ኤስ ከቦርሳ አይጥፋ።

• በትልቅ ገበያና በኢድ ሜዳ የልጁ ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥርዎን የያዘ ወረቀት ይክተቱ።

• እርድ ያለበት በዓል ከሆነ አስቀድመው በቀላል ቃል ይንገሩት። ማየት አለማየቱን ለእሱ ይተዉ፣ በበዓሉ ውስጥ ግን የሚሠራው ነገር ይስጡት።

• ከመሄድዎ በፊት በአያት ቋንቋ አሥር ቃል ያስጠኑት። ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ውኃ፣ ወተት፣ ነይ፣ እወድሻለሁ። አሥር ቃል ቋንቋ አይደለም፣ ግን በር ይከፍታል።

አሁን ቤታችን ዓርብ ማታ የአኮ ሰዓት ሆኗል። ስልኩን አቁመን ዞር እንላለን፣ እኛ አናስተረጉምም። ልጄ የያዘቻቸውን ቃላት ደብተር ላይ በፊደል ትጽፋለች፣ የአጎቷ ልጅ ደግሞ በቁቤ ጽፎ ፎቶ ይልክላታል። ከአርባ ቃል አልፋለች። ትንሹ «አኮ» የስልኩ ስም አለመሆኑን አውቋል። ስልኩ ሲጠራ አሁን የሚጠይቀው «ጥጃዋስ?» ብሎ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ «በሚቀጥለው አረፋ ስንሄድ ለበጉ ስም ላውጣለት?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልመልስላት እንደሚገባኝ ስላላወቅሁ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«አወጣለታለሁ» አለች። «ስም የሌለው ነገር ለሰው አይሰጥም።»

እኔ ደግሞ የራሴን ዕቃ ከወዲሁ ቦርሳው ውስጥ ከትቻለሁ፦ አንድ አዲስ አጎበር።